የባለቤቴ ደምና የላብራቶሪዋ ሴት

ባለቤቴ ደሙን የሚያስመረምርበት ቀን ሲደርስ ከወትሮው ቀደም ብሎ ይነሳ ነበር። ጢሙን ይላጫል፣ ከምሥራቅ ጀርመን ይዞት የመጣውን ግራጫ ካፖርት ይለብሳል፣ በረንዳው ላይ ቆሞ ጫማውን በጨርቅ ይወለውላል። እኔ ከምሠራው ሹራብ ቀና ሳልል በዓይኔ ጥግ እከታተለዋለሁ። ሠርግ ሲጠራ እንኳ እንዲህ አይዘጋጅም ነበር። «በይ እንግዲህ፣ ደርሼ መጣሁ» ሲለኝ «ሰላም በልልኝ» እለዋለሁ። ማንን እንደሆነ አልናገርም። እሱም አይጠይቀኝም።

ሰላም የምላት የሆስፒታሉን የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ወደ ሠላሳ ዓመት የምትጠጋ፣ የአርቦዬ ልጅ፣ ረጋ ያለች፣ ነጭ ጋዋን የሚያምርባት ሴት ነበረች። እሱ ሲያወራላት «ያቺ ልጅ» ነው የሚላት። እኔ በሆዴ ሌላ ስም አውጥቼላት ነበር፤ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ባለቤቴ መካኒክ ነው፤ ትራክተርና ኮምባይነር ይጠግናል። የስንዴ አጨዳ ሲደርስ በመንግሥት እርሻው ጋራዥ ከእሱ በላይ የሚፈለግ ሰው አልነበረም። ተወልዶ ያደገው ሳጉሬ ስለሆነ ኦሮምኛው ከአማርኛው ይጣፍጣል። እኔ የአሰላ ልጅ ነኝ። አያቶቼ ከሸዋ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፣ ድንችና ገብስ ገዝቶ ዋጋ ከመከራከር አያልፍም። በእጅ ሹራብ እየሠራሁ ለተማሪዎችና ለመምህራን እሸጣለሁ፤ በእኛ አገር ብርድ ይህ ሥራ ጾም አያሳድርም። ልጅ አልሰጠንም። ስለዚህ ነገር መነጋገር ካቆምን ብዙ ዘመን ሆኖን ነበር። ግን መሃን የተባለች ሴት በባሏ አጠገብ የቆመችን ወጣት በምን ዓይን እንደምታይ፣ ደርሶባት ያየችው ናት የምታውቀው።

ሕመሙ የጀመረው በሽንቱ ነው። ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ሄዶ ይቆማል፣ ቅር ብሎት ይመለሳል። ጎረቤቱ ሁሉ «ብርድ ነው» አለ፤ አሰላ ውስጥ ለማንኛውም በሽታ መጀመሪያ የሚከሰሰው ብርድ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም አጠጣሁት። አልለቀው ሲል አዲስ አበባ ሄደ። ሲመለስ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተቀበልኩት፤ እዚያው ሰው በሚተራመስበት ቆመን፣ ከፊኛው ሥር ያለ ፕሮስቴት የሚባል ዕጢ ካንሰር እንደያዘው ነገረኝ። እኔ ዕጢውንም ስሙንም ያን ቀን ነው የሰማሁት። «በጨረር ይቃጠላል አሉኝ። ጨረሩ ግን እዚህ አገር የለም» አለና የያዘውን ሻንጣ ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

የእርሻ ማሽኖቹን ተከትለው የመጡ ጀርመናውያን ባለሙያዎች እርሻው ላይ ነበሩ። ከእሱ ጋር አብረው በግራሶ ተጨማልቀው የከረሙ፣ አንድ ድስት ውስጥ እጃቸውን የነከሩ ሰዎች ናቸው። እነሱ ላይ ታች አሉ። የሐኪሞች ቦርድ ወሰነ፣ የበላይ አካልም ፈቀደ። ያኔ ከአገር መውጣት ለተራ ሰው የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ወደ ጀርመን ሊሄድ ሲነሳ ሊሰናበቱት የመጡት ሰዎች ፊት ላይ ሐዘን ሳይሆን ቅናት አየሁ። አንዱማ እጁን ጨብጦ «ታድለህ!» አለው። ካንሰር ይዞት የተቀናበት ሰው ከእሱ ሌላ አላውቅም። እኔም ራሴ ቀንቼ ነበር። አውሮፕላን ውስጥ በሚያስተናግዱት፣ በረዶውን በሚያሳዩት፣ ልብሱን በሚያወልቁለት ሴቶች ሁሉ አስቀድሜ ቀናሁ።

ብዙ ወር ቆይቶ ከስቶ ተመለሰ። ካፖርቱን አመጣ፣ ለእኔም የሹራብ መሥሪያ ኪሮሽ በቆዳ ማኅደር አመጣልኝ። ወሬ ግን ይዞ አልመጣም። ስለ በረዶው ስጠይቀው «በረዶ ነው» ይለኛል። ሕክምናው እንዴት ነበር ስለው «ተኝተሽ ማሽኑ ይዞርሻል፣ አያምም» ብሎ ይዘጋዋል። «በየወሩ ደምህን አስመርምር ብለውኛል» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።

ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ የተለወጠው። መጀመሪያ አልጋ ለየ። «እየተነሳሁ እረብሽሻለሁ» ብሎ ሳሎን ያለችው የሽቦ አልጋ ላይ መተኛት ጀመረ። «አትረብሸኝም» አልኩት፤ አልሰማኝም። ቀጥሎ ልብሱን ራሱ ማጠብ ጀመረ። የእኛ ዘመን ባል ልብሱን ሲያጥብ አስቡት! ጎሕ ሲቀድ ጓሮ ይወጣና የውስጥ ሱሪውን በገዛ እጁ አሽቶ፣ አጥሩ ላይ ሳይሆን ከጋጣው ኋላ ሰው በማያየው ቦታ ያሰጣዋል። አንድ ቀን ደረስኩበት። ደንግጦ ጣሳውን ደፋው። «ጀርመን እያለሁ የለመድኩት ነው» አለኝ። አላመንኩትም።

ሴት ከባሏ ልብስ ላይ ምን እንዳይታይ እንደሚታጠብ ታውቃለች፣ ወይም ታውቃለች ብላ ታስባለች።

የቀበሌ ሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ ስለ መሠረተ ትምህርት ሲነገር፣ አጠገቤ የተቀመጠች ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ባልሽ ሆስፒታሉን ወደደው አይደል?» አለችኝ። ክፋት አስባ እንኳ ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ከስብሰባው አንድ ቃል አልሰማሁም።

አንድ ማታ እራት በልተን እጁን እየታጠበ «ለዚያች ልጅ ሹራብ ብትሠሪላት» አለኝ።

«ለየትኛዋ?»

«ለላብራቶሪዋ ልጅ። ክፍሉ ፀሐይ አያገኘውም፣ ጣቷ በብርድ ሰማያዊ ሆኖ ነው መርፌ የምትይዘው።»

ጣቷን አይቷል! የእኔ ጣት በኪሮሽ ተልጦ ሲውል ምን ቀለም እንዳለው ቢጠየቅ ያውቅ ነበር? «እሠራላታለሁ» አልኩ። ሠራሁላትም፤ ጥሩ አድርጌ፣ በቡና ዓይነት ክር። አንገቱን ብቻ እያወቅኩ አጠበብኩት። ራሷን የምታስገባበት እንዳታጣ፣ ግን በለበሰችው ቁጥር እንድትታነቅ አድርጌ። ወስዶ ሰጣት። በሚቀጥለው ወር «ደስ ብሏት ለበሰችው፤ አንገቱን ፈትታ ራሷ አሰፋችው፣ ጎበዝ ናት» ብሎ ነገረኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከዚያ በኋላ ተከተልኩት። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በሰውና በአህያ ተሞልቷል፤ ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላው ሄድኩ። ከሆስፒታሉ ግቢ ስገባ እሱ ወደ ውስጥ ዘልቋል። በጎን ዞሬ በላብራቶሪው መስኮት አየሁ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ክንዱን ዘርግቷል፤ እሷ ጎንበስ ብላ መርፌውን ካወጣች በኋላ ጥጡን በአውራ ጣቷ ተጭና ይዛለታለች። በኦሮምኛ ያወራላታል። ከወሬው የያዝኩት «ኮምባይነር» የሚለውን ብቻ ነው። እሷ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ትከሻው እስኪነቃነቅ፣ ዱሮ ጋብቻችን አዲስ እያለ ይስቅ እንደነበረው ሳቀ። እኔ ያንን ሳቅ ከሁለት ዓመት በላይ አልሰማሁትም ነበር። እዚያ መስኮት ሥር ቆሜ የተሰማኝን ለመግለጽ ቃል አላጣሁም፤ ሰረቀችኝ ነው ያልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም።

ቤት ተመልሼ ለአንድ ወር ያህል ነገሩን በሆዴ ይዤ ከረምኩ። በሚቀጥለው የምርመራ ቀን፣ እሱ ደሙን ሰጥቶ ወደ ጋራዡ መሄዱን አረጋግጬ፣ ብቻዬን ሄድኩ።

ክፍሉ እውነትም ይቀዘቅዛል። እሷ ከማይክሮስኮፕ ላይ ቀና አለች። እኔ የሠራሁትን ሹራብ ከጋዋኗ ሥር ለብሳዋለች።

«ደህና ዋሉ እትዬ። ምርመራ ነው?»

«የመካኒኩ ሚስት ነኝ።»

ፊቷ በራ። «እርስዎ ነዎት? እጅዎ ይባረክ፣ ብርዱን እኮ ገላገሉኝ። ይቀመጡ እንጂ።»

«አልቀመጥም። ባሌን ተይልኝ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

«ምን አሉኝ?»

«ሰምተሽኛል። ከውጭ ከተመለሰ ወዲህ የእኔ አይደለም። ለብቻው ይተኛል። ከእኔ ጋር ሁለት ቃል አይነጋገርም፣ አንቺ ጋ ሲመጣ ግን ሲስቅ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የውስጥ ልብሱን እንኳ ራሱ ያጥባል! ሃያ ዓመት ሙሉ ሳጥብለት የኖርኩ ሴት እያለሁ፣ ተደብቆ ጓሮ ወጥቶ ያጥባል። የምን እድፍ ቢሆን ነው ከእኔ የሚደበቀው?»

ትሰድበኛለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ለሁለቱም ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። እሷ ግን አንዱንም አላደረገችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ልብሳቸውን ራሳቸው ያጥባሉ?» አለች። «መቼ? አሁንም?»

«አሁንም።»

«በዚህ ሳምንት?»

«ዛሬ ጠዋትም።»

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። «ቆሟል ነበር ያሉኝ» አለች ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ። «በእመቤቴ ብለው ማሉልኝ።»

«ምኑ ነው የቆመው?»

 ተነሳችና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ወዳለ የእንጨት መደርደሪያ ወሰደችኝ። ቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ በየቱቦው ውስጥ ደም አለ። በሁሉም ላይ ቀዩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከላዩ ቢጫ ውሃ ቀርቷል። አንደኛው ላይ ግን ቀዩ በጣም ወርዶ ነበር።

«ይኸኛው የእሳቸው ነው» አለች። «ደም ሲቆም ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጣል። ጤነኛ ሰው ላይ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ሰውነት ውስጥ የተጎዳ፣ የቆሰለ ሥጋ ካለ ይቸኩላል። የእሳቸው ከወር ወደ ወር እየቸኮለ ነው። የደማቸውም መጠን እየወረደ ነው። ጨረሩ በሽታውን ሲያቃጥል አጠገቡ ያለውን ጤነኛ አንጀትም ይነካል እትዬ፤ ጉዳቱ ቆይቶ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ሰሞን ከታች ደም እንደሚያዩ ነግረውኝ ነበር። 'ለሚስቴ እንዳትነግሪ' አሉኝ። በኋላ ሐኪሙ ሲጠይቃቸው 'ቆሟል' አሉ። እኔንም 'ቆሟል' አሉኝ። ደማቸው የት እንደሚሄድ ግራ ገብቶን፣ በሽታው ተመልሶ ይሆን ስንል ነበር።»

 ጣሳውን ሲደፋ መሬቱ ላይ የፈሰሰው ውሃ ቀለም አሁን ታየኝ። አላየሁትም ነበር? አይቼዋለሁ፤ ግን እኔ የምፈልገው የሌላ ሴት ምልክት ስለነበር ዓይኔ አልፎት ሄደ።

በዚያች ደቂቃ ሁለት ነገር ተሰማኝ። አንደኛው ፍርሃት ነው፤ ባሌ ቆሞ እየሄደ እያለቀ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ እንዳለ ልናገረው፣ ደስታ ነበር። እሷንም ዋሽቷታል። ሳቁን የሰጣት ሴት ያላወቀችውን እኔ፣ ያኮረፈኝ ሚስቱ፣ አውቄ ተገኘሁ።

«ነገ ይዤው እመጣለሁ» አልኳት።

«ዛሬ ቢሆን ይሻላል» አለች።

ከሰዓት በኋላ ከጋራዥ ሲመጣ የልብስ መዘፍዘፊያውን ሳሎኑ መሐል አስቀምጬ ጠበቅኩት። ሳሙናውን በእጄ ይዣለሁ። ባየ ጊዜ ከበሩ አላለፈም።

«ከዛሬ ጀምሮ የማጥበው እኔ ነኝ» አልኩት።

«ነገረችሽ?»

«እኔ ነኝ የነገርኳት። ቆሟል ብለሃት ኖሯል።»

ካፖርቱን ሳያወልቅ የሽቦ አልጋው ላይ ተቀመጠ።  «ሞተር ዘይት ሲያንጠባጥብ፣ ሥሩ ጣሳ አስቀምጦ የሚነዳ ሾፌር አለ» አለ። «ስንቱን ሰድቤያለሁ መሰለሽ።»

«ለምን ለእሷ ነገርክ? ለምን ለእኔ አልነገርክም?»

«እሷ ባለሙያ ናት። ብትጸየፈኝ ምን ይቀርብኛል? አንቺ ግን ሚስቴ ነሽ።»

«ታዲያ ለሚስትህ ምን ተረፋት?»

ጎንበስ አለ። «ከሄድኩበት ወንድ ሆኜ አልተመለስኩም። እንደሱ ይሆናል ብለው ነግረውኝ ነበር፣ እኔ ግን አላመንኳቸውም። ገብቶሻል የምልሽ?»

«ገብቶኛል» አልኩ። እስከዚያች ሰዓት አልገባኝም ነበር። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። «እኔ እኮ ዓመቱን ሙሉ ከእሷ ጋር ነህ ብዬ ነው የኖርኩት።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ መሳቅ ጀመረ። «በየትኛው ጉልበቴ!» እያለ ሳቀ። ያ በመስኮት የሰማሁት ሳቅ ነበር፣ አሁን በእኔ ቤት። ግን አልቻልኩም፣ ተናደድኩ። ደግሞ ጉልበት ቢኖረውስ? ይህንንም አልኩት። «ጉልበት ቢኖርህስ?» ሳቁን አቆመና «አንቺ ሴት፣ ልሞት ስል እንኳ አትምሪኝም» አለኝ።

እያመሸ ስለነበር ጠዋት እንሂድ አለ፤ እምቢ አልኩ። ከሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ስንደርስ ጉልበቱ ከዳው፤ ክንዱን ይዤው ነበርና አልወደቀም። ሐኪሙ ዓይኑን ገልብጦ አየና አልጋ እንዲይዝ አዘዘ። «ደም ያስፈልገዋል። ዘመድ አምጡ» አለ።

በማግስቱ ወንድሙ ከሳጉሬ መጣ። ቆላ ወርዶ ወባ ታሞ የተመለሰ ሰሞን ስለነበር የእሱ አይሆንም ተባለ። የጋራዡ ሰዎች መጡ፤ ከባድ ሞተር በትከሻቸው የሚያነሱ ሰዎች መርፌውን ሲያዩ አንድ በአንድ ወደ በሩ ሸሹ። ያኔ ደም መስጠት ዕድሜ የሚያሳጥር ይመስላቸው ነበር።

«የእኔን ውሰዱ» አልኩ። እጅጌዬን ሰብስቤ ያው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ እሱ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እሷም እንደ እሱ ጎንበስ ብላ ደሜን ቀዳች፤ ጥጡን በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘችልኝ። እጇ ለስላሳ ነበር። ከእሱ ደም ጋር መስታወት ላይ ቀላቅላ ወዲያ ወዲህ አወዛወዘችው። ሁለታችንም አንገታችንን አስግገን እናያለን። እንደ ተበላሸ ወተት ቋጠሮ ቋጠሮ ሆነ።

«አይስማማም እትዬ» አለች ቀስ ብላ።

ሃያ ዓመት አብሬው የተኛሁት ሰው ደም ከደሜ ጋር አይስማማም! ከትዳሬ ጋር እንደማይገናኝ አውቃለሁ። እሷም ደጋግማ ነገረችኝ፤ ወንድምና እህት እንኳ ላይስማሙ ይችላሉ አለችኝ። እኔ ግን አለቀስኩ።

እንባዬን እስክጠርግ ጠበቀችኝና «የእኔ ለሁሉም የሚሆን ዓይነት ነው» አለች። «ከፈቀዱ እሰጣቸዋለሁ።»

ፈቃዴን ጠየቀችኝ። ሐኪሙን ሳይሆን እኔን። ለሁሉም የሚሆን ደም! በሆዴ ምን እንዳልኩ እግዚአብሔር ይወቀው። በአፌ ግን «ስጪው፣ እባክሽ» አልኩ።

ሹራቡን አውልቃ፣ አጣጥፋ ለእኔ አስያዘችኝና አልጋ ላይ ተጋደመች። ባልደረባዋ ቀዳላት። ጠርሙሱ ሲሞላ አየሁ። ከዚያ ያ ጠርሙስ በባሌ ራስጌ ተሰቀለ፣ እኔም ግርጌው ላይ ተቀመጥኩ። ጠብ ጠብ ይላል። ያን ቀን የተሰማኝ ዓይነት ቅናት ከዚያ በፊት በመስኮቱ ሥር እንኳ አልተሰማኝም ነበር። ከንፈሩ ቀለም ሲያገኝ አያለሁ፤ ቀለሙ የእሷ ነው። ጆሮው ቀላ፤ እሱም የእሷ ነው። ተነስቼ ጠርሙሱን ልነቅለው አማረኝ፣ ደግሞ ጠብታው ትንሽ ቢዘገይ ሮጬ ነርስ የምጠራው እኔው ነኝ።

ዓይኑን ሲገልጥ ማን ደም እንደሰጠው ጠየቀ። ነገርኩት። «እንግዲህ ግማሽ ጎኔ አርቦዬ ሆነ» አለ በደከመ ድምፅ። ወንድሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ አዲስ አበባ ተልኮ የሚደማውን ቦታ አከሙለት። ጨርሶ አልቆመም፤ ግን ከመፍሰስ ወደ ጠብታ ተመለሰ፣ የብረት ክኒን እየዋጠም ቆሞ መሥራት ቻለ። የሽቦ አልጋውን አጣጥፌ ጎረቤት ሰጠሁት። ልብሱን እኔ አጠብኩ። መጀመሪያ ሰሞን ስዘፈዝፈው ፊቱን ያዞር ነበር፤ ቆይቶ ጓሮ ወንበር ይዞ ወጥቶ አጠገቤ እየተቀመጠ የጀርመኑን በረዶ ያወራልኝ ጀመር። ባቡር ውስጥ ጠፍቶ አንዲት አሮጊት እጁን ይዛ እንደ ሕፃን እንዳደረሰችው ነገረኝ። በአሮጊቷም ቀናሁ።

ለምርመራ ግን ከዚያ ወዲህ ብቻውን ሄዶ አያውቅም። እኔም እገባለሁ። እሷ የቱቦውን ቁጥር መጀመሪያ የምትነግረው ለእኔ ሆነ። «ዛሬ ቀስ ብሏል እትዬ፣ ቁስሉ እየደረቀ ነው» ስትለኝ እፎይ እላለሁ። ሁለቱ በኦሮምኛ ሲጀምሩ «በአማርኛ!» እላቸዋለሁ፤ ይስቁብኛል። ወደድኳት ብል ውሸት ይሆናል፤ ጠላኋት ብልም እንደዚያው። ቡና አጠጣችኝ፣ ቂጣ ጋግሬ ወሰድኩላት። ባሌ ሲሰናበታት እጇን የያዘበትን ጊዜ ግን ሁልጊዜ በልቤ እለካው ነበር።

አንድ ዓመት ያህል እንዲህ ቆይተን፣ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሆስፒታል ተመደበች። ጦርነቱ የጤና ባለሙያ በሚበላበት ጊዜ ነበር፤ እምቢ አይባልም። ቤታችን መጥታ ተሰናበተችን። ባለቤቴ እስከ መናኸሪያ ሻንጣዋን ተሸከመ፤ እኔም ሄድኩ። አውቶቡሱ ሲነሳ እሱ እንባውን አልደበቀም። ለብዙ ሳምንት እህል አልበላ አለው። ከሰሜን የመጣ ወታደር ሁሉ ሲያጋጥመው ስሟን እየጠራ ይጠይቃል። እኔም በደህና እንድትመለስ ስዕለት ተስያለሁ፤ ከልቤ ነበር፣ ግን ከሙሉ ልቤ ነበር ለማለት አልደፍርም።

በሽታው ቆይቶ ወደ አጥንቱ ገባ። ወገቡን ያዘው፣ ጋራዡን ተወ፣ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀረው አረፈ። በእቅፌ ነው የሞተው። ያን ጊዜ ከእኔ ሌላ ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

በለቅሶው ሰሞን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንዲት የከሳች ሴት በሩ ላይ ቆመች። ከሰሜን ተመልሳ አዳማ ተመድባ ኖሯል፣ ሰምታ መጣች። ገብታ እግሬ ሥር ወደቀችና አለቀሰች። ከወንድሙ ይልቅ አለቀሰች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያቺ የማኅበር ጎረቤቴ «ይቺ ደግሞ ማናት?» ብላ ሹክ አለችኝ። «ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አልኳት ልጅቱን፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ሳልስቱ እስኪወጣ እኔ ዘንድ ሰነበተች። አንድ አልጋ ላይ ተኛን። እሷ ላብራቶሪው ውስጥ ያወራላትን አወራችልኝ፤ የስንዴውን፣ የማሽኑን፣ ሕፃን ሆኖ ሳጉሬ ወንዝ ውስጥ ሊሰምጥ የነበረበትን ቀን። ይህንን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም ነበር፤ እየቀናሁም ሰማኋት። እኔም በተራዬ ነገርኳት። እንዴት እንደተጫጨን፣ ምን ምግብ እንደሚጠላ፣ ሲቆጣ እንዴት እንደሚያፏጭ፣ መጨረሻ ሰሞን ሕመሙ ሲበረታ ምን ይል እንደነበር ነገርኳት።

«ሲያርፉስ?» አለች። «የተናገሩት ነገር ነበር?»

«ነበረ» አልኳት።

ጠበቀችኝ። መብራቱን አጠፋሁና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አልነገርኳትም። ለማንም አልነግርም።